የቅንጣት መጠንና የሁነት ሽግግር፤ ከመንዝ ገብስ እስከ ፌሮኤሌክትሪክ ሴራሚክ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በደብረ ብርሃን ከተማ የቀረበ ንግግር)





 የተሰጠኝ ርእስ «የቅንጣት መጠን በፌሮኤሌክትሪክ ሴራሚክ የሁነት ሽግግር ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነው። ርእሱ ሲሰሙት የሚከብድና ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። በመካከላችን ግን ፊዚክስን ብቻ ሳይሆን ኬሚስትሪን፣ ጂኦሎጂንና ምሕንድስናን ሙያቸው ያደረጉ ባልደረቦች ስላሉ፣ ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው ተነሥቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጉባኤው በሰሜን ሸዋ መደረጉም ለዚህ ይረዳኛል። እኔ የተወለድሁት ከዚህ ወደ ሰሜን በመንዝ ስለ ሆነ፣ ንግግሬን ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከእናቴ ጓዳ ብጀምር እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ገብስ፣ ሦስት ጠባይ

በመንዝ ደጋ ገብስ የኑሮ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ከአንድ ጎተራ የወጣ ገብስ ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፤ ተከክቶ ቅንጬ ይሆናል፤ ተቆልቶና ልሞ ሲፈጭ ደግሞ በሶ ይሆናል። ቆሎውን በቀዝቃዛ ውኃ ብትነክሩት ለረዥም ጊዜ ያው ቆሎ ሆኖ ይቆያል። በሶው ግን ጥቂት ውኃ ሲነካው ከመቅጽበት ይበጠበጣል፤ መንገደኛም የሚሰንቀው ስለዚሁ ነው። እህሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው የቅንጣቱ መጠን ብቻ ነው።

ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ብንወስድ ጠቅላላ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው 1 ማይክሮሜትር በሆነ ኩቦች ብንከፋፍለው፣ ቁሱ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደ ሆነ ኩቦች ብናወርደው ደግሞ 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ነገር እየላመ በሄደ ቁጥር ከውስጡ ይልቅ ገጹ ይበዛል፤ በገጹ ላይ ያለ አቶም ደግሞ ከውስጥ እንዳለው አቶም በሁሉም አቅጣጫ ጎረቤት የለውም። የዛሬው ንግግሬ መላ ፍሬ ነገር በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል።

ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሶ ከቆሎ ፈጥኖ መራሱ የፍጥነት ጉዳይ ነው። እኔ ግን ማንሣት የምፈልገው ከዚህ ጠለቅ ያለውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ቁስ ከአንዱ ሁነት ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ሙቀት ራሱ በቅንጣቱ መጠን ይለወጣልን? የሚል ነው።

የሽግግር ሙቀት የማን ንብረት ነው?

በትምህርት ቤት ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ በ0 ዲግሪ ይረጋል፣ ወርቅም በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል እየተባልን ተምረናል። ከዚህም የተነሣ የሽግግር ሙቀት የቁሱ የግል ንብረት፣ እንደ ስሙ የማይለወጥ ነገር ይመስለናል። የመንዝ ባልቴት ግን ይህን አትቀበልም። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ከፍ ባለ መንደር ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ንፍሮዋ ከቆላው ንፍሮ ይልቅ ብዙ ሰዓትና ብዙ ኩበት እንደሚፈጅባት ታውቃለች። እንግዲህ የመፍላት ሙቀት የውኃው ብቻ ሳይሆን የአየሩ ግፊትም ጭምር ነው ማለት ነው። መጠንም እንዲሁ ድርሻ እንዳለው ለማሳየት ወደ ጓሳ እንውጣ።

የጓሳ አምባ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የመንዝ ሕዝብ ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዐት ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው። በበጋ፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይታያል። በላዩ የሚያልፈው ደመና ግን የራሱ ሕግ አለው። በደመና ውስጥ ያለች ደቃቅ የጠራ ውኃ ጠብታ በ0 ዲግሪ አትረጋም፤ በረዶውን የሚያስጀምር ባዕድ ብናኝ ካላገኘች እስከ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ፈሳሽ ሆና ልትቆይ ትችላለች። በእንስራ ያለ ውኃ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም፤ ከብዛቱ የተነሣ በውስጡ አንድ አስጀማሪ ብናኝ አይታጣምና። እዚህ ላይ መጠን የሚሠራው በዕድል በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ከሣሩ ሥር ባለው አፈር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሸክላማ አፈር ውስጥ ውኃ በጣም ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች ይያዛል። የቀዳዳው ራዲየስ 1 ማይክሮሜትር ቢሆን የመርጊያው ነጥብ ዝቅ የሚለው በዲግሪ መቶኛዎች ብቻ ስለ ሆነ ማንም አያስተውለውም። ራዲየሱ 10 ናኖሜትር ሲሆን ግን ውኃው የሚረጋው 5 ዲግሪ ያህል ከዜሮ በታች ሲደርስ ነው። ምክንያቱም በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚፈጠረው በረዶ ከብዛቱ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ሰፊ ገጽ ሊኖረው ግድ ነው፤ ያን ገጽ መፍጠር ደግሞ ኀይል ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የተለወጠው የሽግግሩ ነጥብ ራሱ እንጂ ዕድል አይደለም። በወርቅም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ቡፋና ቦረል የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር የሚሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ከ1064 ዲግሪ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ዝቅ ብለው ይቀልጣሉ።

የሸክላ ሠሪዋ ትምህርት

ወደ ሴራሚክ ከመግባቴ በፊት ስለ አንዲት ባለሙያ ልናገር። በልጅነቴ ለቤታችን ድስትና ጀበና የምትሠራልን ሴት ጭቃዋን ከማቡካቷ በፊት ገል ትወቅጥ ነበር። ገሉን ከወቀጠች በኋላ በወንፊት ትነፋውና የላመውን ከጭቃው ታዋሕዳለች፤ ሻካራውን መልሳ ትወቅጠዋለች። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ድካም ለምን እንደምትደክም ብጠይቃት፣ ጠጠሩ ከቀረ ዕቃው በእሳት ላይ «ይጮኻል» ስትል መለሰችልኝ። ጩኸቱም የመሰንጠቅ ድምፅ ነው።

ነገሩን በኋላ በትምህርት አገኘሁት። አሸዋና የአሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው። የመንዝ አምባ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ወደ መርሐቤቴ ሲወርዱ ግን የጀማ ወንዝ ሸለቆ ከሥሩ ያለውን የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ገልጦ ያሳያል። ኳርትዝ በ573 ዲግሪ የአቶሞቹን አደራደር ይለውጣል፤ ዕቃው ሲበርድም በዚያው ሙቀት በድንገት ይኮማተራል። ቅንጣቱ ትልቅ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ሸክላ ይዞ ይሰነጥቀዋል፤ ልም ከሆነ ግን እያንዳንዱ የሚያደርሰው ጭንቀት ጥቂት ስለ ሆነ ዕቃው ይችለዋል። የተወቀጠ ገል ደግሞ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ በመሆኑ ከዕቃው ጋር ተስማምቶ ይለጠጣል፣ ተስማምቶም ይኮማተራል። በዚህ ምሳሌ የሽግግሩ ሙቀት እምብዛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሽግግሩ የሚያስከትለው ውጤት ነው።

ይህች ሴት 573 የሚለውን ቁጥር አታውቅም ነበር። የቅንጣት መጠን የአንድን ዕቃ ዕድል እንደሚወስን ግን ከእኛ ብዙዎቻችን አስቀድማ ታውቅ ነበር። ያም ሆኖ በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ሲገለልና ሲናቅ መኖሩ የማይካድ ነው። እኔም በልጅነቴ ዕቃዋን እንጂ እጇን እንዳልጨብጥ ከተነገራቸው ልጆች አንዱ ነበርሁ። ዛሬ በሴራሚክ ሳይንስ ስም በዚህ መድረክ ስቆም ይህን ሳልናገር ባልፍ ዕዳዬን እንደ ካድሁ ይቈጠራል።

ፌሮኤሌክትሪክ ሲባል ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1920 ጆሴፍ ቫላሴክ በአሜሪካ የሮሼል ጨው የተባለውን ክሪስታል ሲመረምር አንድ እንግዳ ጠባይ አገኘ። ክሪስታሉ ያለ ውጭ ኀይል በራሱ ኤሌክትሪካዊ ዋልታ አለው፤ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላ በኩል ኔጋቲቭ ነው። ከውጭ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያገኘው ደግሞ ዋልታው ይገለበጥና መስኩ ከተወገደ በኋላም እንደ ተገለበጠ ይቀራል። ይህ ጠባይ ብረት ማግኔት ሆኖ ከመቅረቱ ጋር ስለሚመሳሰል «ፌሮኤሌክትሪክ» የሚል ስም ተሰጠው፤ በውስጡ ግን ብረት መኖሩ ግድ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን የነበሩ ተመራማሪዎች በየፊናቸው የባሪየም ታይታኔትን ጠባይ አገኙ። ይህ ሴራሚክ እንደ ሸክላ ከዱቄት የሚሠራ፣ በቅርጽ ተጨምቆ በእቶን የሚተኮስ፣ ጠንካራና ውኃ የማይጎዳው በመሆኑ የፌሮኤሌክትሪክን ጥናት ከክሪስታል አብቃዩ ጠረጴዛ አውጥቶ ወደ ፋብሪካ አስገባው።

የባሪየም ታይታኔትን ውቅር በአንዲት ትንሽ ክፍል መመሰል ይቻላል። በክፍሏ ስምንት ማእዘኖች ባሪየም፣ በስድስቱ ገጾች መካከል ኦክሲጅን፣ በመሐል ደግሞ ታይታኒየም ይቀመጣሉ። ከ120 ዲግሪ ገደማ በላይ ክፍሏ ፍጹም ኩብ ናት፤ ታይታኒየሙም ልክ በመሐል ነው፤ ስለዚህ ዋልታ የለም። ሙቀቱ ከዚህ በታች ሲወርድ ታይታኒየሙ ከመሐል ወደ አንደኛው ገጽ ጥቂት ፈቀቅ ይላል። የክፍሏ አንዱ ጎን 0.403 ናኖሜትር፣ የቀሩት ሁለቱ 0.399 ናኖሜትር ይሆናሉ። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ፌሮኤሌክትሪክ የሚባለው ጠባይ ሁሉ ግን የሚመነጨው ከዚህች አንድ እጅ ነው። ይህ የሽግግር ሙቀት ኩሪ ነጥብ ይባላል። ወደ ታች ሲኬድ በ5 ዲግሪ አካባቢና ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ ገደማ ሁለት ሌሎች ሽግግሮች አሉ፤ በእነርሱም ዋልታው አቅጣጫውን ይለውጣል።

በኩሪ ነጥብ ላይ የቁሱ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ችሎታ፣ ማለት የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ፣ እጅግ ይጨምርና በግራፍ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ሾጥጦ ይታያል። ተማሪዎቻችን በላቦራቶሪ የሚፈልጉት ይህን ጫፍ ነው። እኔም የፈለግሁት እርሱን ነበር።

የጠፋው ጫፍ

በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ጊዜ ባሪየም ታይታኔትን ከዱቄት ሠርቼ ኩሪ ነጥቡን እንድለካ ተሰጠኝ። ለሥራው ከነበረኝ ጉጉት የተነሣ ዱቄቱን በኳስ ወፍጮ ከሚገባው በላይ ፈጨሁት። እቶኑ ደግሞ የተፈለገውን ያህል ስለማይግል ቅንጣቶቹ በእሳት ውስጥ ሳያድጉ ቀሩ። ልኬቱን በጀመርሁ ጊዜ በ120 ዲግሪ የጠበቅሁት ሹል ጫፍ አልታየም፤ በምትኩ እንደ አረጀ ኮረብታ የተንጋለለ ጉብታ ብቻ ነበር። ልኬቱን ደጋገምሁ፤ ጉብታው አልተለወጠም። ያማከሩኝ ሰዎች መሣሪያው ተበላሽቷል፣ አለዚያም ዱቄቱ ባዕድ ነገር ገብቶበታል አሉኝ። የስድስት ወር ሥራዬን ጣልሁ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍሁትም አንድ ቃል ነበር፤ «አልተሳካም» የሚል።

ከዓመታት በኋላ አርልት፣ ሄኒንግስና ደ ዊት እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ የእኔን ኮረብታ በእነርሱ ገጽ ላይ አገኘሁት። እነርሱ ግን «አልተሳካም» አላሉትም። ከግራፉ ጎን የቅንጣቱን መጠን ጽፈውበታል። በእኔና በእነርሱ መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነው፤ እኔ ሙቀቱን፣ ሰዓቱንና ቮልቴጁን ሁሉ ስጽፍ የቅንጣቱን መጠን ግን አልለካሁም፣ አልጻፍሁምም። የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም። መሣሪያው እውነቱን ነገረኝ፤ እኔ አልሰማሁትም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

በዚህ ረገድ እስካሁን የታወቀውን ባጭሩ ላቅርብ። ቅንጣቶቹ በአሥሮች ማይክሮሜትር በሚቆጠሩበት ሻካራ የባሪየም ታይታኔት ሴራሚክ የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ በክፍል ሙቀት ከ1500 እስከ 2000 ገደማ ነው። ቅንጣቱ ወደ 1 ማይክሮሜትር ሲቀርብ ቁጥሩ ወደ 5000 ያህል ያድጋል። ከዚያ በታች ሲላም ግን መልሶ ይወርዳል፤ የኩሪው ጫፍም እየተንጋለለ ይሄዳል። ኩሪ ነጥቡ ወደ ታች ሲንሸራተት፣ ሁለቱ የታችኛው ሽግግሮች ደግሞ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሦስቱ ሽግግሮች እርስ በርሳቸው እየተቀራረቡ ይሄዳሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ኢሺካዋና ባልደረቦቹ የሊድ ታይታኔትን ደቃቅ ዱቄት መርምረው፣ በትልቅነቱ በ500 ዲግሪ አካባቢ የነበረው የሽግግር ሙቀት ቅንጣቱ ከ50 ናኖሜትር በታች ሲወርድ በፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ወደ 13 ናኖሜትር ሲጠጋም ጨርሶ እንደሚጠፋ ገመቱ። በተከታዩ ዓመት ኡቺኖና ባልደረቦቹ የባሪየም ታይታኔት ዱቄት ወደ 120 ናኖሜትር ሲደርስ በክፍል ሙቀት ኩብ ሆኖ እንደሚገኝ ገለጡ። ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ዣኦ፣ ቡስካሊያና ባልደረቦቻቸው ቅንጣቱ 50 ናኖሜትር ብቻ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ ሠርተው ፌሮኤሌክትሪክነቱ እንዳልጠፋ አሳይተዋል፤ ወሰኑንም ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር ገምተውታል። በዚያው ዓመት ፎንግና ባልደረቦቹ ደግሞ ሦስት ክፍል ብቻ ውፍረት ባለው የሊድ ታይታኔት ስስ ንብር ላይ ዋልታ አገኙ።

120፣ 50፣ 13፣ ከዚያም ከ2 ናኖሜትር በታች! አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ ይመስላል። ነገር ግን አያፈርስም። ለምን እንደማያፈርስ ለመረዳት ምክንያቶቹን መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምክንያት ኅብረት ነው። አንዲት ክፍል ለብቻዋ ዋልታ ልትይዝ አትችልም፤ ታይታኒየሟ ፈቀቅ የሚለው የጎረቤቶቿ ታይታኒየም አብሮ ፈቀቅ ሲል ነው። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉት፣ ፌሮኤሌክትሪክነት የድሩ እንጂ የአንዲት ክር ጠባይ አይደለም። ቅንጣቱ ሲላም ብዙዎቹ ክፍሎች በገጹ ላይ ስለሚውሉ በአንድ ጎናቸው ጎረቤት ያጣሉ፤ ኅብረቱም ይላላል።

ሁለተኛው ምክንያት ዋልታው ራሱ የሚወልደው ተቃዋሚ መስክ ነው። በቅንጣቱ ጫፎች ላይ የሚከማቸው ኤሌክትሪካዊ ሙል በሌላ ሙል ካልተሸፈነ፣ ዋልታውን መልሶ የሚገፋ መስክ ይፈጥራል። በትልቅ ክሪስታል ውስጥ ዋልታዎቹ በቀጣናዎች ተከፋፍለው፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እየሆነ፣ ይህን ግፊት ያቻችሉታል። ቅንጣቱ ሲያንስ ቀጣናዎቹም ይጠባሉ፤ ስፋታቸው ከቅንጣቱ መጠን ስኩዌር ሩት ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ለመከፋፈል የሚበቃ ቦታ አይኖርም።

ሦስተኛው ምክንያት የጎረቤት ጫና ነው። በሴራሚክ ውስጥ እያንዳንዱ ቅንጣት በሌሎች ተከብቦ የሚኖር ነው። ኩሪ ነጥቡን አልፎ ሲቀዘቅዝ በአንድ ጎኑ ሊረዝም ይፈልጋል፤ ጎረቤቶቹ ግን አያላውሱትም። ትልቁ ቅንጣት ወደ ቀጣናዎች ተጣጥፎ ጫናውን ሲያቀልል፣ ትንሹ ግን ጫናውን እንደ ተሸከመ ይቀራል። በ1 ማይክሮሜትር አካባቢ የዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ከዚህ ጫናና ከቀጣናዎቹ ድንበር መብዛት የተነሣ እንደ ሆነ ይታመናል።

እንግዲህ ከላይ የጠቀስኋቸው ቁጥሮች የማይስማሙት አንዱ ተመራማሪ ነፃ ዱቄትን፣ ሌላው የተጨመቀ ሴራሚክን፣ ሌላው ደግሞ በሌላ ክሪስታል ላይ የተነጠፈ ስስ ንብርን ስለ ለካ ነው። ከውኃ መፍትሔ የተሠራ ዱቄት በውስጡ የሚያስቀረው እርጥበት አለ፤ በእሳት የተሠራው የለውም። ስለዚህ «ወሳኙ መጠን ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ምን ዐይነት ጎረቤት ያለው፣ በምን መንገድ የተሠራ?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የሽግግር ሙቀት የቁሱ የግል ንብረት አይደለም ማለቴ። ቁሱ፣ ግፊቱ፣ መጠኑና ጎረቤቱ በአንድነት የያዙት የጋራ ይዞታ ነው።

ጉድለት የመሰለው ጥቅም

አሁን ወደዚያ ወደ ተንጋለለው ኮረብታ ልመለስ። ከጓሳ አምባ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከእግሩ ሥር ገደሉ እየተሰበረ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ያያል። ሌሊቱን ውርጭ ላይ ያደረ የእረኛ ስልክ በማግሥቱ በቆላው ሐሩር ውስጥ ሊውል ይችላል። በስልኩ ውስጥ ከባሪየም ታይታኔት የተሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ካፓሲተሮች አሉ። እያንዳንዱ ካፓሲተር እንደ ንብርብር ዳቦ የተደራረበ ሲሆን የአንዱ ንብር ውፍረት ከ1 ማይክሮሜትር ሊያንስ ይችላል። ካፓሲተሩ ሹል ጫፍ ባለው ቁስ ቢሠራ ኖሮ ሙቀቱ በተለወጠ ቁጥር ችሎታው ይዋዥቅ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሆን ብለው ቅንጣቱን ያልማሉ፤ ጫፉ እንዲንጋለልም ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በጥቂቱ ይጨምራሉ። ኤክስ 7 አር በሚባለው ደረጃ የሚሠራ ካፓሲተር ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ እስከ 125 ዲግሪ ድረስ ችሎታው ከመቶ 15 እጅ በላይ እንዳይለዋወጥ ይጠበቅበታል።

እኔ «አልተሳካም» ብዬ የጣልሁት ኮረብታ ሌሎች በብዙ ድካምና ወጪ ሲፈልጉት የኖሩት ጠባይ ቀዳሚ መልክ ነበር። ይህን የምለው ትልቅ ግኝት አመለጠኝ ለማለት አይደለም፤ ነገሩ ከእኔ በፊት በሌሎች የታወቀ ነበር። የምለው፣ ውጤቴን ያበላሸው አለማወቄ ሳይሆን አለመመዝገቤ ነው ለማለት ነው።

ይሁን እንጂ ልምነት ሁልጊዜ በጎ ነው ማለት አይደለም። በጤና ጣቢያዎቻችን ነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዩበት የአልትራሳውንድ መሣሪያ መዳሰሻ ከሌላ ፌሮኤሌክትሪክ ሴራሚክ፣ ከሊድ፣ ከዚርኮኒየምና ከታይታኒየም ኦክሳይድ የሚሠራ ነው። ይህ ሴራሚክ ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል፤ ቅንጣቱ ከ1 ማይክሮሜትር በታች እየላመ ሲሄድ ግን ይህ ችሎታው በአብዛኛው ይዳከማል። ለቅንጬ የሚሆነው ለበሶ፣ ለበሶም የሚሆነው ለቅንጬ አይሆንም። ባለሙያ የሚባለው የትኛው ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አደራ ለማለት እወዳለሁ።

አንደኛ፣ በላቦራቶሪዎቻችን የሚሠራ ማንኛውም የዱቄትና የሴራሚክ ልኬት የቅንጣት መጠን ሳይጻፍበት እንዳይወጣ እናድርግ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የለንም ብለን መተው የለብንም። ወንፊት በአሥሮች ማይክሮሜትር የሚቆጠረውን ይለያል። ከዚያ በታች ያለውን በውኃ አዝቅጦ መለካት ይቻላል፤ በአሥር እጅ ያነሰ ቅንጣት በመቶ እጅ ዘግይቶ ይዘቅጣልና። የኤክስ ሬይ መሣሪያ ባለበት ደግሞ ፖል ሼረር እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ቀመር ከመስመሮቹ መስፋት የናኖሜትሩን መጠን መገመት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ «አልተሳካም» ተብሎ የተመዘገበ ውጤት ከመጣሉ በፊት አንድ ሌላ ሰው እንዲያየው ልማድ እናድርግ። አንድ ተማሪ የጠበቀውን ሳያገኝ ሲመጣ፣ መሣሪያውን ከመውቀሳችን በፊት «ምን ያህል አላምኸው?» ብለን እንጠይቀው። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የስድስት ወር ሥራ ባልተጣለ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቁስ ስናስተምር ከአገራችን ባለሙያ እንጀምር። ተማሪው የቅንጣትን ነገር ከውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ ሲያነበው ባዕድ ዕውቀት ይመስለዋል። ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄዶ የወቀጠችውን ገል በእጁ ቢዳስስ፣ ለምን እንደምትነፋው ቢጠይቅ፣ ናሙናዋን ወስዶ ቢለካና ውጤቱን ተመልሶ ቢነግራት፣ ሳይንስም ይማራል፣ ለዘመናት የተናቀ ሙያም ክብሩን ያገኛል።

ባለፈው በጋ ወደ መንዝ ሄጄ ነበር። ያች ሴት ዛሬ የለችም፤ በገበያው ግን ልጇ ጀበና ስትሸጥ አገኘኋት። አንዱን አንሥቼ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አዳመጥሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ገሉን እንደ እናቷ ትነፋው እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ሳልነፋማ ምን ሙያ ሆነ?» አለችኝ። እጇን ጨብጬ ጀበናውን ገዛሁ። ዛሬ በላቦራቶሪዬ መደርደሪያ ላይ፣ ከእነዚያ «አልተሳካም» ከተባሉት እንክብሎች የቀረችው አንዲቷ አጠገብ ተቀምጧል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ ስለ ቅንጣት መጠን።